ዕቃ ቤትና ቤተ መዘክር

አንድ ዕቃ ለምን እንደ ተሠራ ሳይጠይቁ እንዴት እንደሚጠበቅ መወሰን ይቻላልን? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም፤ ከአባቴ ከደረሰኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

አባቴ በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄሰ ገበዝ ናቸው። አንባቢ እንደሚያውቀው ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቅ፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዘ፣ አንዲት ጽንሐ እንኳ ብትጠፋ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት የሚጠየቅ ሰው ነው። በዚያች ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ በብራና የተጻፈ፣ ሥዕል ያለበት አንድ አሮጌ ተአምረ ማርያም አለ። ገበታው በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሯል፤ የቅጠሎቹ ማዕዘን ከጧፍ ጢስና ከጣት ወዝ የተነሣ ጠቁሯል፤ የሥዕሎቹም ፊት ከምእመናን መሳለም ብዛት ደብዝዟል። ከዚያ አቅራቢያ ካሉት አድባራት ከአንደኛው አንድ የብር መስቀል በሌሊት ስለ ተሰረቀ የሰበካው ሽማግሌዎች ተሰብስበው ተማከሩ፤ ምክሩም ለሁለት ከፈላቸው። እኩሌቶቹ «መጽሐፉ አዲስ አበባ ሄዶ በቤተ መዘክር ይቀመጥልን» አሉ። እኩሌቶቹ ደግሞ «እመቤታችንን ከቤቷ አውጥተን ማን ልናስገባ ነው?» አሉ። አባቴ ከየትኛው ወገን እንደ ሆኑ ሳይገልጹ ለእኔ ጻፉልኝ። «አንተ በመንግሥት መዝገብ ቤት የምትሠራ ነህና ዕቃ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ። ቤተ መዘክር የተባለውን ሄደህ አይተህ የሚበጀውን ጻፍልኝ» ይላል ደብዳቤያቸው።

እውነቱን ለመናገር ትምህርቴ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። በመዝገብ ቤት ግን 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ወረቀት በእርጥበት፣ በአይጥ፣ በችኩል ሰው እጅ፣ ይልቁንም «ኋላ እመልሰዋለሁ» ብሎ በሚወስድ ባለሥልጣን ምክንያት እንደሚጠፋ በሚገባ አውቃለሁ። ስለዚህ ሐሳቤ ገና ከጅምሩ ወደ ቤተ መዘክር አደላ። መልሱንም በዚያው ማታ ለመጻፍ ወረቀት አውጥቼ ነበር። ይሁን እንጂ አባቴ «ሄደህ አይተህ» ብለው ያዘዙትን ሳልፈጽም መጻፍ ነውር መሰለኝና ተውሁት።

በዚያ ሰሞን አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እኅት፣ ለዓይን ሕክምና ከአገር ቤት መጥተው ከቤቴ አርፈው ነበር። ቤቴ ዓለም ባንክ ነው። የሰፈሩን ስም በሰሙ ጊዜ «ታዲያ ገንዘቡን የት ነው የሚያስቀምጡት?» ብለው ጠይቀውኝ ስለ ነበረ፣ ስምና ነገር ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ደክሜአለሁ። ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ እንደምሄድ ስነግራቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ቀድመውኝ ተነሡ። ለቤተ መዘክር እንደምሄድ ብነግራቸውም፣ እርሳቸው የሰሙት «ጊዮርጊስ» የሚለውን ብቻ ነበረ። ከዓለም ባንክ በታክሲ እስከ ጦር ኃይሎች፣ ከዚያም እስከ ፒያሳ ሄድን።

በአራዳ ያለውን የመናገሻ ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። የሆነ ሆኖ ታሪኩን ባጭሩ ማንሣት ለነገሬ ያስፈልገኛል። የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት ከዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ጋራ ዓድዋ ዘምቶ ነበርና፣ ድሉም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. በቅዱሱ ዕለት ስለ ተገኘ፣ ቤተ ክርስቲያኑ የዚያ ድል መታሰቢያ ሆነ። አሁን የምናየው ስምንት ማዕዘን ያለው ሕንጻ የተሠራው ሰባስቲያኖ ካስታኛ በተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ መሪነት ነው፤ እርሱም ከዓድዋ ምርኮኞች አንዱ ሆኖ በአገራችን የቀረ ሰው ነበረ። ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በ1909 ዓ. ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ. ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ ነው። በየካቲት 1929 ዓ. ም.፣ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ፣ ፋሽስቶች እሳት ለቀቁበት። ከነጻነት በኋላ ታድሶ፣ በኋላ ዘመን ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በሥዕልና በሞዛይክ አስጌጡት። እንግዲህ ሊወጋን መጥቶ የተማረከው ሰው ያነጸውን ቤት፣ ከእርሱ በኋላ ሊወጋን የመጣው ወገኑ አቃጠለው ማለት ነው። በአንድ ሕንጻ ላይ ይህን ያህል ነገር ሲደራረብ የትም አገር ቢኬድ ብዙ አይገኝም።

በሌላው ዓለም፣ ቅኝ ገዥዎች በደረሱበት ሁሉ፣ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም ውስጥ የሃይማኖት ጥበብ ቤተ መዘክር ማቆም የተለመደ ነው። ፖርቱጋሎች ለብዙ መቶ ዓመታት በገዟት በጎዋ፣ የሳንታ ሞኒካ ገዳም የክርስቲያን ጥበብ ቤተ መዘክር ማደሪያ ሆኗል። በሜክሲኮም በቴፖትሶትላን የሚገኘው የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያንና ኮሌጅ ከ1964 እ. ኤ. አ. ወዲህ የስፓኝ አገዛዝ ዘመን ብሔራዊ ቤተ መዘክር ነው። በነዚያ ቦታዎች ወርቅ የተለበጠውን መንበር የሚያይ ሰው «ይህን ማን አመጣው? በማንስ ጉልበት ተሠራ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወደ እኛው ጊዮርጊስ የገባ ሰው ግን የሚጠይቀው ተገላቢጦሹን ነው፤ ይህን ማን ሊወስድብን መጥቶ ነበር? ይላል። ይህ ልዩነት የሚያኮራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በኩራቱ ምክንያት የጋራውን ጥያቄ እንዳንረሳው እፈራለሁ። በጎዋም ሆነ በአራዳ፣ ለጸሎት የተሠራ ዕቃ በመስተዋት ውስጥ ተኝቶ ይታያል።

አክስቴ አስቀድመው ቤተ ክርስቲያኑን ተሳለሙ። ከዚያ በግቢው ውስጥ ወዳለው ቤተ መዘክር መራኋቸው፤ የመግቢያውን ዋጋ ስከፍል ባዩ ጊዜ «ለመሳለም ይከፈላል እንዴ?» ብለው ደነገጡ። ለመሳለም ሳይሆን ለማየት መሆኑን ነገርኋቸው። «እኔ እንደ ሆንሁ ዓይኔ አያይልኝም» ብለው ገቡ።

በውስጡ ያለው ሀብት ሰፊ ነው። ዘውዶች፣ የወርቅ ጥልፍ ያለባቸው ካባዎችና ላንቃዎች፣ የእጅና የመጾር መስቀሎች፣ መቋሚያዎች፣ ድባቦች፣ የብራና መጻሕፍት፣ የሁለቱ ነገሥታት የዘውድ በዓል አልባሳት ይገኙበታል። እኔ እንደ ጸሐፊ ልማዴ ከየዕቃው አጠገብ የተቀመጠውን ወረቀት እያነበብሁ በቀስታ አለፍሁ። እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናዘዝ፤ ከዕቃዎቹ ይልቅ ወረቀቶቹን ሳነብ ብዙ ጊዜ እንዳጠፋሁ የታወቀኝ ኋላ ነው። ዞር ብዬ ሳይ አክስቴ ከአንድ የመጾር መስቀል ፊት ቆመዋል። ጫማቸውን አውልቀዋል። ሦስት ጊዜ አማትበው፣ ጎንበስ ብለው መስተዋቱን ሳሙት፤ ግንባራቸውንም አስነኩት።

ጠባቂው ጎልማሳ ሰው ነው፤ በቍጣ ሳይሆን በትሕትና ቀረበና «እማማ፣ መስተዋቱን አይንኩ» አላቸው።

«እኔ መስተዋቱን መቼ ሳምሁ፣ ልጄ?» አሉት።

ጠባቂው መልስ አጣ። ጥቂት ቆመና ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ የከንፈራቸውን ምልክት ከመስተዋቱ ላይ ወለወለ፤ ይህንንም ያደረገው አክስቴ ፊታቸውን እስኪያዞሩ ጠብቆ ነው። ያ ጨዋነቱ ልቤን ነካው። እንግዲህ ከሁለቱ ማንኛቸው ትክክል ነበሩ? ጠባቂው የተቀጠረበትን ሥራ ፈጽሟል። ከንፈር ሁሉ ቢያርፍበት መስተዋቱ ይቈሽሻል፤ መስተዋቱ ባይኖር ደግሞ መስቀሉ ይቈሽሻል፣ ይላላል፣ ይሰረቃልም። አክስቴም መስቀል የተሠራበትን ሥራ ፈጽመዋል። መስቀል ሊታይ ብቻ የተሠራ አይደለምና፤ ካህኑ ይባርክበታል፣ ሕዝቡ ይሳለመዋል። በተለይ ዓይኑ ለደከመ ሰው መስቀልን ማወቂያው ከንፈርና ግንባር ነው። ቤተ መዘክር ግን ለዓይን የተሠራ ቤት ነው። ጤናማ ዓይን ያለኝ እኔ ወረቀቱን ሳነብ፣ መስቀሉን ያገኙት ዓይናቸው የታመመው አክስቴ መሆናቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ወደ ሥራዬ ተመልሼ ነገሩን በማውቀው ነገር መዘንሁት። በመዝገብ ቤታችን ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። አንዱ ጉዳዩ ያልተዘጋ ነው፤ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፣ ይመራበታል፣ ይፈረምበታል፣ ጠርዙ ይቀደዳል። ሁለተኛው ጉዳዩ ያለቀለት ነው፤ ታስሮ በቍጥር ይቀመጣል፣ የሚያስፈልገው ቢመጣም በፊርማ አይቶ ይመልሳል። ያልተዘጋውን ፋይል «እንዳይቀደድ» ብሎ የሚያሥር ጸሐፊ ቢኖር ፋይሉን አዳነ አይባልም፤ ባለጉዳዩን ገደለ ይባላል። የተዘጋውን ፋይል በየጠረጴዛው የሚበትንም እንደዚሁ አጥፊ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ዕቃ ልንጠይቅ የሚገባን የመጀመሪያው ጥያቄ «ጉዳዩ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?» የሚል ይመስለኛል። ያረፈ ንጉሥ ዘውድ ሥራውን ፈጽሟል፤ በቤተ መዘክር ቢያርፍ ማንንም አይጎዳም፣ ብዙ ያስተምራል። በየበዓሉ የሚነበብ ተአምረ ማርያም ግን ገና ጉዳዩ ያልተዘጋ ነው። ሲነበብ ሕዝቡ ቆሞ ይሰማል፤ ሲፈጸምም ቀርቦ ይሳለመዋል።

በዚህ ምሳሌ ተደስቼ ጥቂት ቀን ቆየሁ። ነገር ግን የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ የሆነ አንድ ብልህ ሰው ስነግረው በቀላሉ አልተቀበለኝም። «ሰው የሚሳለመው ብራናውን ነው ወይስ በብራናው የተሣለችውን? ሥዕሏን ከሆነ፣ በአዲስ ብራና ተጽፎና ተሥሎ ይሰጣቸው፤ አሮጌው ለትውልድ ይቀመጥ» አለኝ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርትም የራቀ አይደለም። ለሥዕል የሚቀርበው ክብር ወደ ሥዕሉ ባለቤት እንደሚያልፍ ቅዱስ ባስልዮስ አስተምሯልና። እንዲህ ከሆነ አዲሱም አሮጌውም በአምላኪ ፊት እኩል ናቸው።

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም፤ በአገራችን ተደርጎ ታይቷል። እ. ኤ. አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው፣ ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን አቋርጦ ያለፈው የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ጎንደር በደረሰ ጊዜ፣ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች ወሰደ። ሥዕሎቹ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ነበሩና ተላጡ። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለ የጓዱ ሠዓሊ በሣላቸው ቅጂዎች ግድግዳው ተሸፈነ። አሮጌዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። እንግዲህ ቅጂው በተለጠፈ ማግስት አንዲት እናት ልትጸልይ ብትመጣ ጸሎቷ ጎደለ ልንል አንችልም፤ እግዚአብሔር የሸራን ዕድሜ እየቈጠረ አይሰማም። በዚህ ረገድ የባልደረባዬ ክርክር የጸና ነው።

ነገር ግን ክርክሩን ወደ ሌላው ወገን አዙሬ ባየሁት ጊዜ የባሰ ነገር አገኘሁ። ቅጂ ለጸሎት የሚበቃ ከሆነ ለጥናት የማይበቃው ስለ ምንድር ነው? ሠዓሊው ሩ ቅጂውን ለመሣል እጅግ የተካነ ከነበረ፣ ያንኑ ቅጂ ይዞ ወደ ፓሪስ ቢመለስና አሮጌውን በቦታው ቢተወው ምን ይጎድልበት ነበር? የሚጎድለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የጥንቱ ሠዓሊ እጅ ያረፈበት፣ ቀለሙን የበጠበጠበት፣ የዘመኑ ጢስ ያለበት ያ ዕቃ ራሱ ይፈለጋል። እንግዲያስ የቤተ መዘክር ሰውም ያምናል ማለት ነው! እርሱም እንደ አክስቴ፣ በዕቃው ውስጥ ቅጂ የማይተካው አንድ ነገር እንዳለ ያምናል፤ ስሙን ብቻ «ቅርስ» ይለዋል። ሁለት ሰዎች ለአንድ ዕቃ እንዲህ ያለ ፍቅር ካላቸው፣ አንደኛው ፍቅሩ በትምህርት ቤት ስም ስለ ተሰጠው ብቻ ቅድሚያ ሊያገኝ አይገባውም። ቅድሚያው ዕቃው ለተሠራለት ሰው ነው።

ከዚህም የከፋ አለ። እንግሊዞች ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. መቅደላን በያዙ ጊዜ ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያንና ከአፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤት ያወጡትን በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ላይ በሐራጅ ሸጡት። በለንደኑ የብሪታንያ ቤተ መዘክር 11 ታቦታት ይገኛሉ። ታቦት ከካህናት በቀር ማንም ሊያየው የማይገባ መሆኑን ስለ ተረዱ፣ በተዘጋ ክፍል አኑረዋቸዋል፤ ተመልካች አያያቸውም፣ የቤተ መዘክሩ ሊቃውንትም አያጠኗቸውም። እስቲ አንባቢ ይህን ያስተውል። በቤተ መዘክር ሥርዓት እንዳይታይ ሆነው የቤተ ክርስቲያንን ሕግ አከበሩ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዳይቀደስባቸው ግን ከአገራቸው ርቀው ቀሩ። የማይታይ የቤተ መዘክር ዕቃና የማይቀደስበት ታቦት በአንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። ቤተ መዘክሩ ሕጌ አይፈቅድልኝም ይላል፤ በ1963 እ. ኤ. አ. የወጣው የእንግሊዝ ሕግ ንብረቱን እንዳይሰጥ አጥብቆ ይከለክለዋልና። በኤድንብራ ከተማ የነበረ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን በጓዳዋ ያገኘችውን ታቦት በ1994 ዓ. ም. በፈቃዷ መለሰች። በዚያ ዕለት የአዲስ አበባ ሕዝብ በሺሕ እየሆነ ወጥቶ የተቀበለው ታሪካዊ ዕቃ ብሎ አልነበረም። የዌስትሚንስተር አቢም በየካቲት 2016 ዓ. ም. በመንበሩ ውስጥ ያለውን ታቦት ለመመለስ በመርህ መስማማቱን አስታውቋል።

እንዲህ ስጽፍ ቤተ መዘክርን እንደ ሌባ ቤት እንደምቈጥር አንባቢ አይጠርጥረኝ። ዕቃ ቤታችን ራሱ ንጹሕ አይደለም። አፍሮ አይገባ የተባለው ታላቁ የላሊበላ የወርቅ መስቀል በ1989 ዓ. ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም ተሰርቆ ባሕር ተሻግሮ ቤልጅግ ተገኘ፤ ወደ ስፍራው የተመለሰው በ1993 ዓ. ም. ነው። መቅደላን የዘረፈው የውጭ ሠራዊት ነበረ፤ መስቀሉን ከላሊበላ ያወጣው ግን ሠራዊት አልነበረም። ደግሞም የሚጠፋው በሌባ ብቻ አይደለም። አሮጌው ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ በላዩ በገበያ ቀለም ሲሣልበት፣ የብራናው መጽሐፍ ጣራው ከሚያፈስ ዕቃ ቤት ውስጥ ሲበሰብስ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቻችን «ለምን አልጠበቃችሁልንም?» ቢሉን «እየተሳለምነው አለቀ» ብለን መመለሳችን ይበቃል ወይ? የዛሬው አምላኪ የነገውን አምላኪ ድርሻ ስሞ ሊጨርሰው ይፈቀድለታልን? ይህን ጥያቄ ፈታሁት አልልም። የአባቴ መጽሐፍ ላይ ያለችው የእመቤታችን ፊት የደበዘዘችው በፍቅር ነው፤ በፍቅርም ቢሆን ግን ደብዝዛለች።

ከጊዮርጊስ ስንወጣ ከካቴድራሉ ብዙ በማይርቀው አደባባይ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት አየን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በፋሽስቶች ጥይት የወደቁት ጳጳስ መታሰቢያ ነው። በ2005 ዓ. ም. ለከተማው ባቡር መንገድ ሥራ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ቤተ መዘክር በአደራ ተቀምጦ ነበር፤ በ2008 ዓ. ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። በቤተ መዘክር በነበረ ጊዜ ምንም ጉዳት እንዳልደረሰበት አልጠራጠርም፤ ምናልባት ከዝናቡና ከአቧራው ዐርፎ ይሆናል። ሆኖም ሐውልቱ የተተከለው አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ነበረ። አደባባዩ ባዶ በነበረበት ዘመን በዚያ ያልፍ የነበረ ተማሪ ሁሉ ሊጠይቅ ይገባው የነበረውን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አለፈ። የባቡሩ ሥራ አልቆ ሐውልቱ ሲመለስ ከተማው አንድ ነገር በትክክል እንዳደረገ ተሰማኝ፤ ቤተ መዘክሩን እንደ መቃብር ሳይሆን እንደ ማረፊያ ተገለገለበት። ይህን ለአክስቴ ስነግራቸው «እንኳን መለሷቸው» ብለው በሐውልቱ አቅጣጫ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሐውልቱን ያዩት ግን አልመሰለኝም።

ማታ ዓለም ባንክ ከቤቴ ተቀምጬ ለአባቴ ጻፍሁ። መጽሐፉ ከቤተ ክርስቲያኗ እንዳይወጣ መከርሁ። ነገር ግን ያለ ጥበቃ መተዉ ከመስጠት የማይሻል ስለ ሆነ ሦስት ነገር አሳሰብኋቸው። አንደኛ፣ በአዋጅ ቍጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በግለሰብም ሆነ በሌላ አካል ባለቤትነት ሊያዝ ስለሚችል፣ መጽሐፉን ማስመዝገብ አሳልፎ መስጠት እንዳልሆነ ለሽማግሌዎቹ እንዲያስረዱ፤ የተመዘገበ ዕቃ ቢሰረቅ የኛ ነው ብሎ ለመከራከር እንደሚያስችልም ጻፍሁላቸው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቅጠል ፎቶግራፍ እንዲነሣ ነገርኋቸው። እ. ኤ. አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 የሚበልጡ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት እንዲህ ተቀርጸዋል፤ ቅጂው ወደ ተመራማሪው ይሄዳል፣ መጽሐፉ ከባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ጎንደር ላይ ሊደረግ ይገባው የነበረው ይህ ነበረ። ሦስተኛ፣ የብረት ሣጥን ተሠርቶ ሁለት ቍልፍ እንዲኖረው፣ ቍልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ እንዲሆኑ፣ ሥዕሎቹም በታላላቅ በዓላት ብቻ ለመሳለም እንዲገለጡ፣ በሌላው ቀን ሕዝቡ የተዘጋውን ገበታ እንዲሳለም አመለከትሁ። ይህን የመጨረሻውን ስጽፍ እጄ ትንሽ ቆመ፤ እኔም እንደዚያ ጠባቂ ጨርቅ ይዤ የቆምሁ መሰለኝ። ቢሆንም ጻፍሁት።

አክስቴ ሕክምናቸውን ጨርሰው ደብዳቤውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። መልሱ ከአንድ ወር በኋላ ደረሰኝ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ባጭሩ ጽፈዋል፦

«ሣጥኑ በከተማ እየተሠራ ነው። አንዱ ቍልፍ ከእኔ ዘንድ ይሆናል፤ ሁለተኛው በማን እጅ ይሁን በሚለው ሽማግሌዎቹ ገና አልተስማሙም። ፎቶግራፍ አንሺ ለትንሣኤ ይመጣልናል። አክስትህ ደኅና ናት፣ ዓይኗም ተሽሏታል። የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ መስተዋት እንዳይኖረው ትላለች።»